ከዋንዛው ሥር የወጣው ብረት

ባለቤቴ ወርቅ ያገኛል ብዬ አንድም ቀን አምኜ አላውቅም። ይህን የምለው ነገሩ ካለፈ በኋላ አዋቂ ለመምሰል አይደለም፤ ያኔም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ዲላ ገበያ አጠገብ ባልዲና ጀሪካን የሚሸጥ፣ ልጅነቱን በሙሉ ከአባቱ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ያሳለፈ ሰው፣ መሬት ካልቆፈርኩ ብሎ ተነሣ።

ጥፋቱ የጓደኛው ነው። ጓደኛው ጉጂ በኩል ወርቅ ቁፋሮ ከርሞ፣ በወርቁ ፋንታ ወባውን ይዞ ሲመለስ፣ የብረት መፈለጊያ ማሽኑን «ለጊዜው» ብሎ እኛ ቤት አስቀመጠው። ማሽኑ ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰሃን የሚያህል ክብ ነገር አለው፤ ብረት ባለበት መሬት ላይ ሲያልፍ ይጮኻል። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ ቤት ውስጥ ይለማመድበት ነበር። አልጋው ጮኸ። ድስቱ ጮኸ። የፀጉሬ ማስያዣ ሳይቀር ጮኸ። «ከኔ ጋር የምታወራው መቼ ነው?» አልኩት። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ስለነበር አልሰማኝም።

ጣሊያን በዲላ መንገድ ወደ ደቡብ ሲሸሽ ወርቁን መሸከም አቅቶት እየቀበረ ሄደ የሚባል ወሬ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር የተቀበረበት ቦታ ይለያያል። ባለቤቴ ወሬውን ከየደንበኛው ለቃቅሞ፣ አንዱን ከሌላው ገጣጥሞ፣ በመጨረሻ የአያቴ ጓሮ ላይ አረፈ። ለምን እዚያ እንደሆነ እሱም በቅጡ የሚያስረዳው አይመስለኝም። ምናልባት ሌላ ሰው ጓሮውን ስላላስነካው ይሆናል።

የአያቴ ቤት ከጨለለቅቱ ከፍ ብሎ፣ ሞተር ሳይክል እየተንገጫገጨ በሚደርስበት ቀበሌ ነው። በዚያ ክረምት አያቴ አልጋ ይዘው ስለነበር በየቅዳሜው እንሄድ ነበር። የምታስታምማቸው እናቴ ናት። አያቴ ምግብ አልጠየቁም፣ መድኃኒት አልጠየቁም። በር በተንኳኳ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ትልቋ መጣች?»

ትልቋ ማለት አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታላቅ። እናቴ ሁልጊዜ «ትመጣለች» ትላቸዋለች። አክስቴ ግን አትመጣም ነበር። ዲላ ሆና፣ በሚኒባስና በሞተር ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ የምትደርስበት ቦታ ሆኖ፣ የአባቷን ደጃፍ ከወጣትነቷ ጀምሮ ረግጣው አታውቅም።

አክስቴን መግለጽ ለእኔ ይከብደኛል፤ ግማሽ እናቴ ናትና። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ወደ ዲላ ያመጣችኝ፣ ያበላችኝ፣ ያለበሰችኝ እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። ቀኝ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጭንና ሰነፍ ስለሆነ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ሌሎቹ ሰፊዎች በእግር መርገጫ ሲሰፉ እሷ በእጅ በሚዞር መኪና ትሰፋለች፤ በግራ እጇ ጨርቁን እየገፋች በቀኝ እጇ ታሽከረክረዋለች። ቁጡ ናት። ከእሷ ጋር ስኖር ስለ ሁሉም ነገር መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ስለ አባቷ ብቻ አይቻልም።

እናቴን ጠየቅኳት። «በዶማ ነው የተጣሉት» አለችኝ።

«በምን ዶማ?»

«አባቴ በሚቆፍርበት ዶማ። እኔ አልተወለድኩም ነበር፤ ከዚህ በላይ አላውቅም።»

ነገሩ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። ሰው በመሬት ይጣላል፣ በትዳር ይጣላል። በዶማ ዕድሜ ልክ የተኳረፈ አባትና ልጅ ግን አይቼ አላውቅም። አያቴ አልጋ መያዛቸውን ለአክስቴ ስነግራት የስፌት መኪናዋን ሳታቆም «ዶማው ያስታምመው» አለችኝ። በአንዱ ወገን አያቴ በሩን እያዩ ያልቃሉ፣ በሌላው ወገን ያሳደገችኝ ሴት ልቧ ድንጋይ ሆኗል፤ መሐል ላይ ያለው ደግሞ ዶማ ነው።

እንግዲህ ባለቤቴ ማሽኑን ተሸክሞ የመጣው በዚህ ቤት ላይ ነው። አያቴን አስፈቀደ፤ እሳቸውም ታመው እንኳ ሳቅ አይጠፋቸውምና «እንሰቱን እንዳይነካ ንገሩት» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ማዳመጫውን ደፍቶ በእንሰቱና በቡናው መሐል እየተሽሎከሎከ ማሽኑን መሬት ለመሬት ያወዛውዝ ጀመር። እናቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ «ባልሽ ምን ጠፋበት?» ትለኛለች። እስከ እኩለ ቀን ያገኘው አንድ ቁልፍ አልባ ጓጉንቸር፣ የዘይት ቆርቆሮ ክዳን፣ ጎባጣ ሚስማርና ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ነው። ሁሉንም ድንጋይ ላይ ደርድሮ አሳየኝ። «ጣሊያን ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር ማለት ነው?» አልኩት። ተቆጣኝ።

ከዚያ ጓሮው ጫፍ፣ ትልቁ ዋንዛ ሥር ማሽኑ እንደ እብድ ጮኸ። መቆፈሪያ ስላልያዘ የአያቴን ዶማ ከግድግዳው አውርዶ መጣ። ያው ዶማው ነው። እጀታው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ አላውቅም፤ ስለቱ ግን ከመቆፈር ብዛት አልቆ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀርቷል። እናቴ ዶማውን ስታይ ፊቷ ትንሽ ጠቆረ።

ከክንድ ጥልቀት ላይ መጀመሪያ የወጣው ክብ የእጅ አምባር ነበር። ጭቃውን በአውራ ጣቱ ሲጠርገው ቢጫ ሆነ። ባለቤቴ ዘለለ፤ አቀፈኝ፤ በእግዚአብሔር ስም እየማለ «ምን ብዬሽ ነበር!» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ተንጠለጠለ። እንደገና ሲቆፍር ግን የወጣው ሌላ ነገር ነው።

ብረት ነው። ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን ሆነው፣ ላይኛው ጫፋቸው በግማሽ ክብ ዝርግ ብረት ተያይዟል። መሐላቸው ላይ በዝገት የደረቀ ማጠፊያ አለ። ታችኛው ጫፋቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ አንዱ ወደ ሌላው ያያል፤ የሚይዙት ነገር ግን የለም። ከጎኑ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተበስተውበታል፤ አንድ ዘለበት ተንጠልጥሎበታል፤ የሕፃን ቀበቶ ዘለበት የሚያህል። ርዝመቱ ከክንዴ አይበልጥም። ገለበጥነው፣ አቆምነው፣ አጋደምነው። በየትኛውም በኩል ብናየው ምንም ነገር አልሆነልንም።

እናቴ «ወደ ቤት እንዳታስገቡት» አለች። ለምን ስላት አላወቀችም። ባለቤቴ ግን አምባሩን ይዞ እየሮጠ ወደ አያቴ አልጋ ገባ፤ በደከመው ዓይናቸው ፊት አቅርቦ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። አያቴ በጣታቸው ነኩት። ወዲያው እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ከወጣበት መልሱት» አሉ። ስለ ብረቱ ልንነግራቸው ብንሞክር አልሰማም አሉ። እናቴ አስወጣችን።

ባለቤቴ ያገኘውን ወርቅ መልሶ የሚቀብር ሰው አይደለም። ሁለቱንም በከረጢት ከቶ ዲላ ይዞ ገባ። ሰኞ ጠዋት አምባሩን ለወርቅ ሠሪ አሳየ። ሰውየው በሞረድ አንድ ጊዜ ፋቅ አደረገውና «ነሐስ ነው» ብሎ መለሰለት። ባለቤቴ ቅስሙ ተሰብሮ መጣ። እኔም ሚስት አይደለሁ? አዘንኩለት፤ ከዚያ ትንሽ ሳቅኩበት።

የቀረው ብረቱ ነው። ወርቁ ነሐስ ሲሆንበት ተስፋውን ሁሉ ብረቱ ላይ ጣለው፤ ምንነቱን ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም አለ። ሱቁ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ባልዲ ሊገዛ የመጣ ሁሉ አስተያየት ሳይሰጥ አይሄድም ነበር። አንዱ የከርከሮ ወጥመድ ነው አለ። አንዱ የበቅሎ እርካብ ነው አለ፤ በቅሎዋ ግን ድመት ታክል ነበር ማለት ነው? አንዲት ሴትዮ ድሮ ቡና በእጅ የሚፈለፈልበት ማሽን እጀታ ነው ብላ ምላለች። ጎረቤታችን ብየዳ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ወስዶ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ፣ ማጠፊያውን በመዶሻ ቀስ ብሎ መትቶ፣ የአሮጌ ላንድሮቨር መቀመጫ ማጠፊያ ነው ብሎ መለሰው። ላንድሮቨር መቀመጫው ላይ የሕፃን ዘለበት ምን ይሠራል ስለው «እሱማ እኔንም ግራ ገብቶኛል» አለኝ። እያንዳንዱ መልስ ግማሹን ብረት ያስረዳል፤ ግማሹ ሜዳ ላይ ይቀራል።

እኔም ሳልወድ ተያዝኩ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ብረቱን አንሥቼ እይዘዋለሁ። ከባድ አይደለም። የሠራው ሰው ተጠንቅቋል፤ ጠርዙ ሁሉ ተሞርዷል፤ የሚቧጥጥ ቦታ የለውም። ለወጥመድ ወይም ለመኪና ማን እንዲህ ይጨነቃል? ማን እንዳይጎዳ ነው? ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «የመሣሪያ መያዣ ይሆናል» አለኝ፤ እሱ አሁንም ጣሊያኑ ላይ ነበር።

ሐሙስ ዕለት እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። አያቴ አምባሩን ከነኩ ወዲህ እህል አልቀመሱም፤ ያለፋታ ይጸልያሉ። «ያወጣችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ይመጣሉ» አለች።

ሽማግሌውን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። ኮት በጎማ ቦት ጫማ የሚለብሱ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው አዛውንት ናቸው። ዋንዛው ሥር ቆመው ጠበቁን። ከረጢቱን ከፍተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለቤቴ የጌዴኦ ቋንቋ ስለማይሰማ በአማርኛ ነው ያናገሩት።

«ልጄ፣ አንተ ነህ ያወጣኸው?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«ጥሩ አልሠራህም። ግን አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም፣ አታውቅም። ይቺን የቀበረው እኔ ነኝ።»

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። እኔም ከፈትኩ። ሽማግሌው ጉቶ ላይ ተቀመጡ።

«ያኔ ከቡሌ ወርደን ነው የመጣነው፤ በእግር፤ ወንጌል ይዘን። እኔ ወጣት ነበርኩ፣ እዚህ ማንንም ሰው አላውቅም። የሚስትህ አያት ጌታን ተቀበለ። ሲቀበል ደግሞ የድሮው እምነት ዕቃ ከቤት ይወጣል። የሚቃጠል ይቃጠላል። ብረት አይቃጠልም፣ እሷ ይቀበራል። ባለቤት አያይም። ባለቤት ውጪ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ምን ወጣ ብሎ አይጠይቅም፣ የት ገባ ብሎ አይጠይቅም። ከጠየቀ ልቡ ይመለሳል፣ ሄዶ ይቆፍራል። ከዚያ በኋላም እሷን ነገር ማንም አያነሣውም። አለቀ፣ ተረሳ።»

«አምባሩስ?» አለ ባለቤቴ።

«የአባቱ ነበር። ለመንፈሱ የሚያስሩት።»

«ብረቱስ ለምን ነበር የሚያገለግለው?»

«አላውቅም። እኛ አንጠይቅም። አምባሩ የተሰቀለበት ምሰሶ ላይ ተሰቅላ ነበር፣ እሷም አብሮ። ቆዳ ነበረው። ታች ደግሞ ጫማ ነበረው፣ ትንሽዬ። አንድ ጫማ ብቻ። ለመንፈሱ ጫማ አደረጉለት ብለን በጣም ደነገጥን፣ አብዝተን ጸለይን።»

«ምን ዓይነት ጫማ?» አልኩ።

«የልጅ ጫማ። ቡናማ። በደንብ የተቀባ።»

ሽማግሌው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው ሊመልሱት ነበር። እኔ ብረቱን ከረጢቱ ውስጥ መልሼ ከተትኩና ደረቴ ላይ አቀፍኩት። አንድ ጫማ፣ አንድ እግር፣ ሕፃን። ነገሩ ግማሹ ገብቶኝ ግማሹ እምቢ ብሎኝ ዞረብኝ። «አይቀበርም» አልኩ። «ለአንድ ሰው አሳይቼ ልመልሰው።» ሽማግሌው ተቆጡ፤ እናቴ ለመነችኝ፤ እኔ ግን ንግግር አልሰማም አልኩ። ባለቤቴ የሱቁ ሰዎች ሲጠይቁት እንደነበረው «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እያለ እስከ መንገዱ ድረስ ተከተለኝ።

አክስቴ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ምንም መግቢያ አላበጀሁም፤ ብረቱን ከከረጢቱ አውጥቼ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩት። እጇ መዘውሩ ላይ እንዳለ ቆመ።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ከመሳቢያዋ የስፌት መኪናውን ዘይት አወጣችና ማጠፊያው ላይ ጠብ አደረገች። ጨርቅ ወስዳ አሸችው። ጨመረች። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ይዛ ወደዚህም ወደዚያም ስትገፋው፣ ብየዳ ቤቱ በመዶሻ ያልከፈተው ነገር እየተንጣጣ ታጠፈ። ዘረጋችው። አጠፈችው።

«ጉልበቱ ነው» አለች። «ስቀመጥ ይታጠፍ ነበር። ስቆም ይቆለፋል።»

ቁጭ አልኩ። የምቀመጥበት ስላልነበረ የጨርቅ ቁራጭ ክምር ላይ ነው የተቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ባደግኩበት ቤት አንድም ቀን ያልተነገረውን ታሪክ የሰማሁት። ልጅ ሆና ልምሻ እግሯን ሲይዛት፣ አባቷ በጀርባቸው አዝለው፣ ከመኪና መኪና እየቀየሩ፣ ሩቅ አገር ካለ ሆስፒታል ይህን ብረት አሠርተውላት መጡ። በብረቱ ሄደች፤ ያለ ምርኩዝ፣ ሁለቱ እጆቿ ነፃ ሆነው። እያደር ጭኗ ላይ ላጣትና ቆሰለ። ቁስሉ እስኪደርቅ ብረቱ ተፈትቶ ምሰሶው ላይ ተሰቀለ፤ እሷን እናቷ ወደ ዘመዶቿ ወስዳ አቆየቻት። ሲመለሱ ብረቱ የለም። በቦታው፣ እዚያው ምሰሶ ሥር፣ አዲስ ዶማ ቆሟል።

«የት ሄደ ስለው አላውቅም አለኝ። ዓይኔን እያየ፣ በጌታ ስም አላውቅም አለኝ። ታዲያ ምን ልበል? ቀጥቃጩ ቤት ከእኛ ታች ነበር። ብረቴን ቀጥቅጦ ዶማ አሠርቶበታል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጓሮ ወጥቶ በቆፈረ ቁጥር በእግሬ የሚቆፍር ነበር የሚመስለኝ። ሁለተኛ ሆስፒታል የሚወስደኝ አልተገኘም። ትንሽ ስጠና ጥዬው ወጣሁ።»

ሽማግሌው የነገሩንን ነገርኳት። የብረቱን ማጠፊያ ይዛ አዳመጠች። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ማንበብ አቃተኝ፤ ቁጣ ነው ስል ሌላ ይሆናል፤ ሌላ ነው ስል ቁጣ ይሆናል።

«ታዲያ ዶማው...» አለችና አቆመች። «ዶማው ዶማ ብቻ ነበር ማለት ነው?»

«ዶማ ብቻ ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ስለ ማን እንደማለቅስ ግን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ወደ አያቴ ልንሄድ ከቤት ስንወጣ፣ ከሁላችን ቀድማ ለብሳ ደጃችን ላይ ቆማ አገኘናት። እስከ ጨለለቅቱ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወደ ላይ በሞተር ሄድን። ምርኩዟን ለእኔ ሰጥታ ብረቱን ራሷ ያዘች። የሞተሩ ልጅ «እሱን ለእኔ ስጪኝ፣ ከኋላ ልሰረው» ቢላት በዓይኗ ገላመጠችው። እናቴ በሩ ላይ ስታያት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አክስቴ ምርኩዟን ከእኔ ተቀብላ፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጣት አልፋ ገባች።

አያቴ ዓይናቸው አያይም ማለት ይቻላል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነበር። የምርኩዟን ድምፅ ከደጃፍ እስከ አልጋው ተከታተሉት። የሁልጊዜውን ጥያቄ አልጠየቁም።

አክስቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ብረቱን ብርድ ልብሱ ላይ፣ እጃቸው በሚደርስበት አኖረችው። የአያቴ ጣቶች ነኩት። ይሸሻሉ ብዬ ፈራሁ፤ አልሸሹም። ዘንጉን ይዘው ወረዱ። ማጠፊያውን አገኙ፤ ዘይት የነካውን ጣታቸውን አሻሹ። ዘለበቱን አገኙ። እስከ ታችኛው ጫፍ ደረሱና እጃቸው ባዶው ብርድ ልብስ ላይ ወዲያና ወዲህ ፈለገ።

«ጫማውስ?» አሉ በጌዴኦኛ።

«በስብሷል፣ አባ።»

አባ ስትል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት።

«ቅቤ እቀባው ነበር» አሉ። «እንዳይልጥሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁሉንም አውጡ አልኳቸው። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ሲያወጡ ይንኳኳ ነበር፣ ሰምቼዋለሁ። ምንድን ነው ብዬ ዞሬ አላየሁም። ስትጠይቂኝም ሄጄ አልጠየቅኳቸውም፤ አይጠየቅም ነበራ።»

አክስቴ ቀሚሷን ትንሽ ሰብስባ ቀኝ እግሯን በሁለት እጇ አንሥታ አልጋው ላይ አወጣችው። የአያቴን እጅ ይዛ እዚያ ላይ አሳረፈችው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዞር ብሎ ወጣ፤ እኔም ተከትዬው ወጣሁ።

አያቴ ያረፉት የዚያ ዓመት ቡና መቅላት ሲጀምር ነው። እስከዚያ ድረስ አክስቴ ዲላ አልተመለሰችም፤ ዩኒፎርሞቹን ሌላ ሰው ጨረሰላት። ሽማግሌው ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቋት። እሷም ይቅር አለቻቸው፤ ከልቧ ይሁን አይሁን ግን አልነገረችኝም። እኔ እስከ ዛሬ በማን መናደድ እንዳለብኝ አልተገለጠልኝም። በሽማግሌው እንዳልናደድ፣ ቅን ልብ ነበራቸው። በአያቴ እንዳልናደድ፣ ጫማውን እስከ መጨረሻው አልረሱትም። አንዳንዴ በባለቤቴ ማሽን እናደዳለሁ፤ ምነው ከሃያ ዓመት በፊት አልመጣህም እያልኩ። ባለቤቴ ማሽኑን ለጓደኛው መልሶ ባልዲውን መሸጡን ቀጥሏል።

ብረቱ አክስቴ ጋ ነው፤ የስፌት መኪናዋን ዘይት በቀባች ቁጥር ማጠፊያውንም ትቀባዋለች። ከአባቷ ቤት ዕቃ የትኛውን ትወስጃለሽ ሲሏት የጠየቀችው ዶማውን ነው። ዲላ፣ ከመኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ሰዎች ቀና ብለው ያዩና «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሏታል።

«ዶማ ነዋ» ትላለች፤ መዘውሩን ማዞሯን ትቀጥላለች።